ማክሰኞ ማታ ውሃውን ማን ያየዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለቤቴ በወገብ ሕመም ስለሚሠቃይ 1,200 ሊትር የሚይዝ ጃኩዚ ገዝተን ጓሯችን ውስጥ አስተከልን። አራት ሰው ያስቀምጣል። ሻጩ አንድ ባልዲ ሙሉ የክሎሪን እንክብል አብሮ ሰጠንና «ሁለት ሁለት እየጨመራችሁ ተጠቀሙ» ብሎን ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰላም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ውሃው ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አመጣ። ክሎሪኑ በዝቶ ነው ብለን እንክብሉን ቀነስን፤ ሽታው ግን ባሰበት። ይባስ ብሎ የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን አርብ ማታ ገብቶ እሑድ ጠዋት ከዋና ልብሱ ሥር ቀያይ ሽፍታ ወጣበት። አሁን ሁሉም መካሪ ሆኗል። እህቴ «ብሮሚን ለቆዳ ይለሰልሳል» ትላለች። የባለቤቴ ጓደኛ «በጨው የሚሠራውን ግዙ፣ ክሎሪን የሚባል ነገር የለበትም» ይላል። ወደ ሻጩ ብንመለስ ደግሞ ብር የተባለው ማዕድን የተሞላበት ዘንግ አሳየን። ጃኩዚውን የምንጠቀምበት አርብ ማታና ቅዳሜ ነው። በሌሎቹ ቀናት ከሥራ ደክመን ስለምንገባ ክዳኑን እንኳ አንከፍተውም። የትኛውን እንምረጥ?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከምርጫው በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ማሞቂያውን ያጥፉትና ከአሁን ጀምሮ ማንም እዚያ ውሃ ውስጥ አይግባ። ልጁን ሐኪም ይየው። ሲሄዱም ሙቅ ገንዳ ውስጥ ገብቶ እንደነበር መናገርዎን አይርሱ፤ ካልነገሩት ሐኪሙ ከየት ያውቃል?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመዋኛ ገንዳዎች ሥር ባለ የፓምፕ ክፍል ውስጥ፣ የውሃ ናሙና በብልቃጥ እየቀዳሁ ነው። ነገር ግን አርብ ገብቶ እሑድ የሚወጣ፣ ደግሞም እርጥብ ልብስ በተጣበቀበት ቦታ የሚበዛ ሽፍታ ሲነገረኝ መጀመሪያ የማስበው ሱዶሞናስ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። ሙቅ ውሃ ይወዳል፤ የሚገባውም በፀጉር ቀዳዳ በኩል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታው በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ትኩሳት ከተጨመረበት ወይም ካልጠፋ ግን ዝም የሚባል አይደለም። ግምቴ ልክ ከሆነ ልጁን ያመመው የክሎሪን ብዛት አይደለም። የክሎሪን እጦት ነው።

ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታስ ይሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ያልተሳሳተ ሰው አላየሁም። ሥራውን የሚሠራ ነጻ ክሎሪን፣ በትክክለኛው መጠን ሲገኝ፣ ጠረኑ እምብዛም አይሰማም። የሚሸትተው ከላብ፣ ከቅባትና ከሽንት ጋር ተጣብቆ ጉልበቱን የጨረሰው ነው፤ ስሙ ክሎራሚን ይባላል። ስለዚህ ሽታ ሲመጣ ውሃው «ክሎሪን በዛብኝ» እያለ አይደለም፤ «ያለኝ አልቆብኛል፣ ጨምሩልኝ» እያለ ነው። እናንተ ቀነሳችሁበት። ሽታው ለምን እንደባሰ አሁን ይገባዎታል።

ለመሆኑ አራት ሰው ለአንድ ጃኩዚ ምን ያህል ነው? 1,200 ሊትር ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 300 ሊትር ይደርሳል። ርዝመቱ 25፣ ወርዱ 10፣ አማካይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የመዋኛ ገንዳ 375,000 ሊትር ይይዛል። በዚያ ገንዳ ውስጥ የእናንተን ያህል መጣበብ እንዲፈጠር 1,250 ሰው አንድ ላይ መግባት አለበት። በዚያ ላይ የእናንተ ውሃ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ነው፤ ሰው እየላበ ይቀመጥበታል፣ አየር እየነፋ ያንተከትከዋል፣ ማከሚያውም በሙቀቱ ቶሎ ያልቃል። ጃኩዚን ትንሽ መዋኛ ገንዳ አድርጎ ማሰብ የስሕተቱ ሁሉ መጀመሪያ ነው፤ ሻጩም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ወደዚያ ባልዲ እንምጣ። ጎኑ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። እንደምገምተው «ትራይክሎር» የሚል ቃል ያገኛሉ። ለትልልቅ ገንዳዎች ጥሩ ነገር ነው፤ በዝግታ ይሟሟል፣ 90 በመቶ ያህሉ ለሥራ የሚውል ክሎሪን ነው። ለጃኩዚ ግን አይሆንም። የሟሟበት ውሃ ፒኤች፣ ማለትም ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ውሃው ይበልጥ አሲድ መሆኑን የሚያሳየው መለኪያ፣ ወደ 3 ይጠጋል፤ ጎምዛዛነቱ ከኮምጣጤ ብዙ አይርቅም ማለት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በአደራ በተሰጠኝ አንድ ጃኩዚ ውስጥ ሁለት እንክብል በተንሳፋፊ መያዣ አድርጌ፣ ፓምፑን አጥፍቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ ለአምስት ቀን ሄድኩ። መያዣው ከጀርባ መደገፊያው ጥግ ተጠግቶ ቆሞ ከርሟል። ስመለስ ሰማያዊው አክሪሊክ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ነጭ ክብ ወጥቶ አገኘሁት። ጣቴን ሳሳርፍበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረኝ። ባለቤቱ ምንም አላሉኝም፤ ክቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማሞቂያውም ውሎ አድሮ ብረቱ ተበልቶ ተቀየረ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ የትራይክሎር ጉድ በአሲዱ አያበቃም። በሟሟ ቁጥር ሲያኑሪክ አሲድ የተባለ ነገር ውሃው ውስጥ ይተዋል። ክሎሪኑ ሠርቶ ያልቃል፤ እሱ ግን አይተንም፣ ማጣሪያም አይዘውም፣ ውሃው እስኪደፋ ድረስ ይከማቻል። ፀሐይ በሚመታው ገንዳ ውስጥ እንደ ጥላ ሆኖ ክሎሪኑን ከጨረር ስለሚጋርደው ይፈለጋል። ቀኑን ሙሉ ክዳን በተገጠመበት ጃኩዚ ውስጥ ግን ጥላው ገመድ ይሆናል። ክሎሪኑን ቀይዶ ይይዘዋል፤ መመርመሪያው 3 ሚሊግራም በሊትር ክሎሪን ያሳያል፣ ባክቴሪያው ግን ለመሞት አይቸኩልም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለጃኩዚ ሲያኑሪክ አሲድም ሆነ እሱ ያለበትን ክሎሪን የማይመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? ከክሎሪን ወገን ሁለት አሉ። አንደኛው ዳይክሎር ነው፤ ነጭ ደቃቅ ፍሬ ሆኖ ወዲያው ይሟሟል፣ ፒኤቹንም ብዙ አያናውጠውም። ለአያያዝ እጅግ ምቹ ነው። ነገር ግን እሱም ያንኑ ሲያኑሪክ አሲድ ይጥላል፦ አሥር ሚሊግራም በሊትር ክሎሪን ባስገባን ቁጥር ወደ ዘጠኝ ሚሊግራም ይከተላል። በቀን ሁለት ብቻ ብንጨምር በወሩ መጨረሻ ከ50 በላይ ደርሷል። ሁለተኛው ፈሳሹ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በቀላል አማርኛ በረኪና። ሲያኑሪክ አሲድ የለበትም። ችግሩ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑ ነው፤ በየቀኑ ካልተጨመረ ያልቃል፣ ፒኤቹንም ከፍ ከፍ ያደርጋል። ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው ሦስተኛ ዘመድም አለ፤ ካልሲየሙ በሙቅ ውሃ ውስጥ ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ስለሚጋግር አልመክረውም።

በሌላው ወገን ብሮሚን አለ። ስሙን ያገኘው ከሽታው ነው፤ በ1826 ፈረንሳዊው ኬሚስት ባላር የለየው ጊዜ ክርፋት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ስም ወጣለት። «ብሮሚን አይሸትትም» የሚል ሻጭ ሲያጋጥመኝ ይህ ትዝ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር በውሃ ውስጥ ሽታው ከክሎሪን ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ቆዳ ላይ ቶሎ አይለቅም፣ ታጥበው ወጥተውም ማታ ትራሱ ላይ ሊያሸትቱት ይችላሉ። እህትዎ «ለቆዳ ይለሰልሳል» ያሉት ለብዙ ሰው እውነት ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም፤ ክሎሪኑን ችሎ ብሮሚን የሚያሳክከው ሰውም አለ። ደግሞም በገበያ ያለው አብዛኛው የብሮሚን እንክብል በውስጡ ክሎሪን አለው። ከክሎሪን ሙሉ በሙሉ መሸሻ አድርጎ የሚገዛው ሰው ራሱን ያታልላል።

ብሮሚን የሚበልጥበት ቦታ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ከላብና ከሽንት ጋር ሲጣበቅ እንደ ክሎሪን አይሞትም። ብሮማሚን የሚባለው ውሁድ አሁንም ባክቴሪያ ይገድላል፣ ዓይንንም ያን ያህል አያቃጥልም። ሁለተኛ፣ የፒኤች መዋዠቅን ይችላል። ክሎሪን በፒኤች 7.5 ላይ ኃይለኛ ሆኖ የሚገኘው ግማሹ ነው፤ 8 ሲደርስ ሩብ ገደማ ይቀራል። ብሮሚን በ8 ላይ እንኳ ከ80 በመቶ በላዩ በኃይሉ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ሠርቶ ሲያልቅ ብሮማይድ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀመጣል፤ ኦክሳይድ የሚያደርግ ነገር ሲጨመርበት እንደገና ነቅቶ ብሮሚን ይሆናል። አራተኛ፣ እንክብሉ በዝግታ ስለሚሟሟ ማንም ሳይነካው ቀናት ይቆያል። ፀሐይ በቶሎ ያጠፋዋል፣ ከፀሐይ የሚጋርደውም ነገር የለም፤ የእናንተ ጃኩዚ ግን ክዳን አለው።

አሁን ፍርዴን ልስጥ። እኔ በቤቴ የምጠቀመው ክሎሪን ነው። ውሃ የቀየርኩ ሰሞን ጥቂት ቀናት ዳይክሎር፣ ከዚያ በኋላ በረኪና። ለእርስዎ የምመክረው ግን ብሮሚን ነው። ተቃርኖ የለበትም። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ጠዋትና ማታ ክዳኑን ከፍቼ ውሃውን ካላየሁ ምግብ አይበላልኝም። እርስዎ ደግሞ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ክዳኑን አንከፍተውም ብለው ጽፈውልኛል። ማከሚያ ልምረጥ የሚል ሰው ሲያማክረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ቆዳው አይደለም፦ ማክሰኞ ማታ ውሃውን ማን ያየዋል? የሚያየው ሰው ካለ ክሎሪን ንጹሕና ቀላል ነው። ከሌለ፣ በዝግታ እየሟሟ የሚጠብቅ ነገር ያስፈልጋል። ለጃኩዚ ተስማሚ ሆኖ ይህን የሚሠራው የብሮሚን እንክብል ነው።

አጀማመሩ ግን አሁን ባለው ውሃ ላይ አይሆንም። ያንን ውሃ ይድፉት፤ ከመድፋትዎ በፊት ደግሞ ቧንቧውን ያጽዱ። የጃኩዚ ቧንቧ ማጽጃ የሚባል ነገር ይሸጣል። በመመሪያው መሠረት ጨምረው የውሃ መርጫዎቹን ሁሉ ከፍተው ሲያንቀሳቅሱት ከየአፉ አረፋና ቡናማ ልጣጭ እየተግተለተለ ይወጣል። አይደንግጡ፣ ግን በደንብ ይዩት። በቧንቧው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የኖረ የባክቴሪያ ልጋግ ነው፤ ልጅዎ ላይ የወጣውም ሳይሆን አይቀርም። ላዩ ላይ የሚፈስሰው ክሎሪን ውስጡ ድረስ አይደርስም። ይህን ሳያወጡ አዲስ ውሃ መሙላት የቆሸሸ ማሰሮ ውስጥ ንጹሕ ውሃ መጨመር ነው። ማጣሪያውንም ይቀይሩት።

አዲሱ ውሃ ከገባ በኋላ በመጀመሪያ አልካሊኒቲው፣ ማለትም ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ ደግፎ የሚይዘው ነገር፣ ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም በሊትር፣ ቀጥሎ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 እንዲሆን ያስተካክሉ። ከዚያ ሶዲየም ብሮማይድ ይጨመራል። ለ1,200 ሊትር 45 ግራም ገደማ ይበቃል፤ የመያዣው መመሪያ ከእኔ ቁጥር የተለየ ከሆነ መመሪያውን ይከተሉ። ይህ የተኛው ብሮማይድ ነው። የሚያነቃው ክሎሪን አልባ የሆነ ሞኖፐርሰልፌት የሚባል ዱቄት ወይም ጥቂት በረኪና ነው። በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት የብሮሚን እንክብል በአዲስ ተንሳፋፊ መያዣ ያስገቡና ቀዳዳውን በትንሹ ከፍተው በማግስቱ ይለኩ። የሚፈለገው ከ4 እስከ 8 ሚሊግራም በሊትር ነው። ካነሰ ቀዳዳውን ያስፉ፣ ከበዛ ያጥብቡ። በሳምንት ውስጥ የራሳችሁን ልክ ታገኛላችሁ።

«አዲስ ተንሳፋፊ መያዣ» ያልኩት ለመቆጠብ ስለማልወድ አይደለም። የትራይክሎር ርዝራዥ ባለበት መያዣ ውስጥ የብሮሚን እንክብል አይገባም። የተለያዩ ማከሚያዎች በደረቁ ሲገናኙ ሊቃጠሉ፣ ጋዝ ሊያወጡ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። አንዱን ባልዲ በቀዱበት ማንኪያ ሌላውን አይንኩ። ሁልጊዜም ኬሚካሉን ወደ ብዙ ውሃ ይጨምሩ እንጂ ውሃ ወደ ኬሚካሉ አያፍስሱ። መያዣው ደግሞ እንደኔው ጥግ ይዞ እንዳይቆም በክር መሐል ላይ ያስሩት፤ ስትገቡም ያውጡት።

ቅዳሜ ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ ያንን ሞኖፐርሰልፌት በመመሪያው ልክ ይጨምሩበትና ክዳኑን ለ20 ደቂቃ ያህል ክፍት ተዉት። የሚወጣው ጋዝ ታፍኖ ክዳኑንና መደገፊያዎቹን እንዳይበላ ነው። ወደ ውሃው የምትመለሱት ልኬቱ ከ8 በታች ሲወርድ ነው። የብሮሚን እንክብል ቀስ በቀስ አልካሊኒቲውንና ፒኤቹን ስለሚያወርድ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለቱንም መለካት አይቀርም።

ስለ መለካት ካነሳን፣ አንድ ጉድ ልንገርዎት። በጠብታ የሚሠራው ዲፒዲ የሚባል መመርመሪያ ውሃውን ሮዝ ያደርገዋል፤ ሮዙ በጠቆረ ቁጥር ማከሚያው በዝቷል ማለት ነው። አንድ ጠዋት ብልቃጡን እስከ ክንዴ አስጠልቄ ከመርጫዎቹ ርቄ ቀዳሁ፣ ጠብታውን ጨመርኩ፤ ውሃው እንደ ቀድሞው ነጭ ሆኖ ቀረ። ዜሮ ነው ብዬ ክሎሪን ጨመርኩ። ለካሁ፤ ነጭ። ደገምኩ። በሦስተኛው ጊዜ ጎንበስ ብዬ ጠብታው ሲወድቅ ተመለከትኩ፤ ለቅጽበት ደማቅ ሮዝ ብልጭ ብሎ ወዲያው ጠፋ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክሎሪኑ ከመብዛቱ የተነሳ ቀለሙን ራሱን እያነጣው ነበር። ስለዚህ ዜሮ ሲያዩ፣ ከመጨመርዎ በፊት ናሙናውን በእኩል ንጹሕ ውሃ አቅጥነው አንድ ጊዜ ይድገሙት። መመርመሪያዎ የክሎሪን ብቻ ከሆነ ደግሞ ያነበቡትን በ2.25 ሲያባዙት የብሮሚኑን ያገኛሉ።

የጨው ማሽኑን በተመለከተ ለባለቤትዎ ጓደኛ በትሕትና ይንገሯቸው፦ ማሽኑ ጨዉን በኤሌክትሪክ ለይቶ የሚሠራው ክሎሪንን ነው። ያው ክሎሪን እዚያው ተፈልፍሎ ሲመጣ ስሙ አይለወጥም። መጥፎ ነገር አይደለም፣ መለካት ግን አያስቀርም። የብሩ ዘንግም ለብቻው ጃኩዚ አይጠብቅም፤ የባክቴሪያን ዕድገት ያዘገያል፣ ቶሎ አይገድልም። ክሎሪን ወይም ብሮሚን አብሮት ካልቆመ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ቢጓናይድ የሚባል ክሎሪንም ብሮሚንም ያልሆነ ማከሚያ አለ፤ ቆዳቸው ሁለቱንም ፈጽሞ እንቢ ላለባቸው ሰዎች ይነሳል። ከሌሎቹ ማከሚያዎች ጋር ፈጽሞ ስለማይስማማና የራሱ መመርመሪያ ስለሚያስፈልገው ግን ለጀማሪ አልሰጠውም።

ውሃውን መቼ እንቀይረው ለሚለው፣ የሊትሩን መጠን ለ11 ያካፍሉ፤ የተገኘውን ደግሞ በቀን በአማካይ ለሚገባው ሰው ቁጥር ያካፍሉ። የእናንተ አራት ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ በቀን ከአንድ ሰው ትንሽ ይበልጣል። ሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። አንድ ቀን ከብሮሚን ወደ ክሎሪን ልመለስ ቢሉም ውሃውን መድፋት ግድ ነው፤ ብሮማይድ ባለበት ውሃ ክሎሪን ቢጨምሩ የሚያገኙት ብሮሚን ነው።

ልጁ ሲድን፣ ሁሉም ሰው ከመግባቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ። የማከሚያውን ግማሽ ሥራ ይቀንስላችኋል።

ጥያቄ፦ እኔ ኦዞን የሚያመርት መሣሪያ አስገጥሜ ማንኛውንም ኬሚካል ካቆምኩ አራት ወር ሆነኝ። ውሃው እንደ ዕንባ የጠራ ነው፤ ሽታም የለውም። ሰዎችን በኬሚካል ለምን ታስፈራራለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥራትና ንጽሕና አንድ አይደሉም። ባክቴሪያ በዓይን አይታይም። ኦዞን ኃይለኛ ነው፤ በመሣሪያው በኩል የሚያልፈውን ውሃ በደንብ ያክመዋል። ነገር ግን በሙቅ ውሃ ውስጥ በፍጥነት ይጠፋል፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠው ሰው አጠገብ አይደርስም። ጎረቤትዎ ከወዲያ ማዶ ተቀምጦ ላቡን ሲለቅ፣ ያ ውሃ ዞሮ መሣሪያው ጋ እስኪደርስ የሚጠብቅዎት ነገር የለም። አልትራቫዮሌት መብራትም እንዲሁ ነው። ሁለቱም የሚፈለገውን የክሎሪን ወይም የብሮሚን ፍጆታ ይቀንሳሉ፤ ቦታውን ግን አይተኩም።

ማስፈራራት ካሉኝ አይቀር እውነተኛውን ልንገርዎት። በ1999 በኔዘርላንድስ ቦቨንካርስፔል በተባለ ቦታ የአበባ ኤግዚቢሽን ተካሄደ። ለሽያጭ ማሳያ የሞቀ ውሃ ተሞልቶ ሲንተከተክ የነበረ ገንዳ ሌጂዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በጭጋጉ ረጨ። ከ200 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 32 ሞቱ። ጎብኚዎቹ ገንዳው ውስጥ አልገቡም፤ በአጠገቡ አልፈው አየሩን ተነፈሱ እንጂ። ያ ባክቴሪያ ከሞቀ ውሃ በተነሳ ጭጋግ ወደ ሳንባ ገብቶ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ሽማግሌዎችንና አጫሾችን ይበልጥ ያጠቃል። መሣሪያዎን አይንቀሉት፣ ጥሩ መሣሪያ ነው። ዛሬውኑ ውሃውን ደፍተው ቧንቧውን ያጽዱ፤ ከዚያ ክሎሪን ከ3 ሚሊግራም በሊትር፣ ወይም ብሮሚን ከ4 ሳይወርድ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ለልብስ ማንጫ የምንጠቀምበትን በረኪና ለጃኩዚ መጠቀም ይቻላል? ምን ያህል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ጠርሙሱ ላይ ከሶዲየም ሃይፖክሎራይት በቀር ሌላ ነገር ካልተጻፈ። ባለ 5 በመቶ ከሆነ ለ1,200 ሊትር ውሃ 24 ሚሊሊትር በጨመሩ ቁጥር ክሎሪኑ በአንድ ሚሊግራም በሊትር ከፍ ይላል። ከባዶ ተነስተው 3 ለመድረስ 72 ሚሊሊትር ማለት ነው፤ ፓምፑ እየሠራ ቀስ አድርገው ያፍስሱት። ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አያገናኙት፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠርሙሱ ዓመት የከረመ ከሆነም ኃይሉ ስለሚደክም በቁጥሩ አይመኑ፣ ጨምረው ይለኩ። የሎሚ ሽታ ያለውን፣ የሚያዝለገልገውንና አረፋ የሚያወጣውን ግን ለወለሉ ይተዉት።